ሳል እስኪጠና አይጠብቁ

በአውቶቡስ ሲሄዱ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት፣ «ኧረ ዝጋው፣ ነፋስ እንዳይመታን!» የሚል ድምፅ ከኋላ መሰማቱ አይቀርም። ምናልባት እርስዎም ብለውት ያውቁ ይሆናል። ነገር ግን ነፋሱ ወዳጅ፣ የታፈነው አየር ጠላት የሚሆንበት በሽታ አለ፤ ይኸውም የሳንባ ነቀርሳ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1882 ያስታወቀን ባክቴሪያ፣ በሽተኛው ሲስልና ሲናገር በአየር ላይ ይበተናል።

ባክቴሪያው የገባበት ሰው ሁሉ ግን አይታመምም። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ እንደ ተሸከመው ይገመታል፤ ከእነዚህም በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። የቀሩትን የሰውነታቸው ዘበኞች፣ ማለት የደም ነጭ ሕዋሳት፣ ባክቴሪያውን ከበው አስረው ይጠብቁላቸዋል። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው እነዚህኑ ዘበኞች ስለ ሆነ እስረኛው ያመልጣል። ስለዚህ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በነቀርሳ የመታመም ዕድላቸው ከሌላው ከ10 እጥፍ በላይ ነው፤ ከሚገድሏቸውም በሽታዎች ቀዳሚው ይኸው ነው።

የባሰው ነገር በሽታው መደበቁ ነው። አንድ ወጣት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ኤች አይ ቪ አለበት እንበል። ይከሳል፣ ሌሊት ያልበዋል፤ አክታው በማይክሮስኮፕ ታይቶ «ምንም የለም» ይባላል፤ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሆኖም ዘበኞቹ ሲደክሙ ሳንባው ብዙ ጊዜ ስለማይቦረቦር፣ በአክታው ውስጥ የሚወጣው ባክቴሪያ ጥቂት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ለመታየት ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ በሺህ የሚቆጠር መኖር አለበት። የራጅ ፎቶግራፉም ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሽታው ሳንባን ትቶ ወደ አንገት ዕጢ ወይም ወደ አንጎል ሽፋን የሚሄድበትም ጊዜ አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ በቀረበ ቁጥር አራት ነገር ይጠየቃል፦ ሳል አለ? ትኩሳት? የሌሊት ላብ? ክብደት መቀነስ? ሌላው ሰው ሳሉ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ይመረመር ይሆናል፤ ለዚህ ሰው ግን የአንድ ቀን ሳልም ይበቃል። ከአራቱ አንዱ ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በሁለት ሰዓት ውስጥ ባክቴሪያውንም፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መቋቋሙንም ይናገራል። በጽኑ ታሞ አክታ ማውጣት ላቃተው የሽንት ምርመራ አለ።

ነቀርሳው ከተገኘ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው፤ ካልተገኘም የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣል። በአገራችን የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የነቀርሳውም የኤች አይ ቪውም መድኃኒት በነፃ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ የሚያውቁት ሰው ቢከሳና ሌሊት ቢያልበው፣ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ብለው አይሸኙት፤ ሁለቱንም እንዲመረመር ይምከሩት። አክታው «ንጹሕ ነው» ቢባልና ምልክቱ ባይለቀው፣ ተመልሶ ሌላ ምርመራ ይጠይቅ። እርስዎም ነገ በአውቶቡስ ሲሳፈሩ መስኮቱን ከፈት ያድርጉት።