ጋፋት፣ የሴባስቶፖል የትውልድ መንደር

የዐፄ ቴዎድሮስን መድፍ ሴባስቶፖልን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የት እንደተሠራ ሲጠየቅ ግን ብዙው ሰው መቅደላ ይላል። መቅደላ የመድፉ ማረፊያ ነው፤ የተወለደው ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ በምትገኘው በጋፋት ነው።

ጋፋትን ጋፋት ያደረጓት ሰፋሪዎቿ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ጎባ የላኳቸው፣ በባዝል አቅራቢያ ባለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የተማሩ ወጣት ሚስዮናውያን ዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ደረሱ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ንጉሡ ከስብከታቸው ይልቅ የእጅ ሙያቸውን ፈለጉት። ምጽዋ በባዕዳን እጅ ስለነበረች መሣሪያ ከውጭ ማስገባት ከባድ ነበር፤ ስለዚህ መሣሪያውን ሳይሆን ሠሪዎቹን ለማግኘት ቆረጡ።

ከእነዚህ ሚስዮናውያን ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ማየር በጋፋት ቤት ሠርተው ኖሩ። ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆልም አብሯቸው ነበር። ዋልድማየርና ሳልሙለር የንጉሡን ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጆች አገቡ፤ ሆል ደግሞ የሠዓሊውን የዛንደርን ልጅ። ጋብቻና ልጅ ሲጨመርበት የእንግዶች ሰፈር የነበረው ቀስ በቀስ መንደር ሆነ። የአገሬው ወጣቶችም ሙያ እንዲማሩ ከእነሱ ጋር ይሠሩ ነበር፤ የእነዚህ ስም አለመጻፉ ያስቆጫል።

መድፉ ግን በፍቅር ብቻ አልተሠራም። ሰፋሪዎቹ መድፍ መሥራት አንችልም ሲሉ ንጉሡ የሰፋሪዎቹን አገልጋዮች አስረው እንዲሞክሩ አስገደዷቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ምድጃው ተሻሽሎ የቀለጠው ነሐስ እስኪፈስ ድረስ ብዙ ተደከመ፤ በመጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ጀግንነቱን ስናወራ ግዳጁን መዝለል የለብንም።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ መድፉ አምባው ላይ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ወሰደበት። ሚያዝያ 6 ቀን፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ንጉሡ ሕይወታቸውን አጠፉ፤ ሴባስቶፖልም እዚያው ቀረ። ሰፋሪዎቹን ጦሩ ይዟቸው ወጣ፤ ዋልድማየር በኋላ ሊባኖስ ውስጥ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቁሟል።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የሴባስቶፖል ቅጂ ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ደብረ ታቦርን ያቋርጣልና፣ በዚያ የምታልፉ ሁሉ ጋፋትን ሳታዩ አትለፉ።