ማዕረግና ኃላፊነት በይፋት ቆላ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፥ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ፥ የቆላው ሙቀት ሲቀበለው ሸዋ ሮቢት ደረሰ ማለት ነው። ከተማይቱ ፖሊስም፥ ወታደርም፥ የማረሚያ ቤት ጠባቂም የሚታይባት ናት። ከገጠር ለአቤቱታ የመጣ ገበሬ ግን ሁሉንም «ጌታዬ» ብሎ ይጠራና ማመልከቻውን መጀመሪያ ላገኘው ባለ መለዮ ይሰጣል። ጉዳዩ ቢዘገይ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። ስለዚህ የማዕረግን ነገር ማወቅ ለወታደር ብቻ የተተወ አይደለም።

የጥንቱ ማዕረግ የሰፈሩ ካርታ ነበር። ፊታውራሪ በፊት ይመራል፤ ቀኛዝማች በቀኝ፥ ግራዝማች በግራ ይሰለፋል፤ ደጃዝማች የንጉሡን ደጅ ይጠብቃል። ራስ ማለት የጦሩ ራስ ነው። የሸዋ ገዥዎች ደግሞ መርዕድ አዝማች የሚል የራሳቸው ማዕረግ ነበራቸው፤ ትርጓሜውም «የሚያንቀጠቅጥ አዝማች» ማለት ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አያት አስፋ ወሰን በዚሁ ማዕረግ ይጠሩ ነበር።

ይፋት ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ማዕረግ ነበረው፤ ይኸውም ወላስማ ነው። ስሙ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1285 ጀምሮ የይፋትን ሡልጣኔት ከገዛው ቤተ ሰብ የመጣ ነው። ሡልጣኔቱ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላም ስሙ አልጠፋም። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሲወጣ በበሩ ላይ የጠበቀው ወላስማ መሐመድ ነበር። እርሱም በሣህለ ሥላሴ ሥር የይፋትን ጠረፍ የሚያስተዳድር፥ የንጉሡንም እስር ቤት የሚጠብቅ ሹም ነበር። እንግዲህ በይፋት በር ላይ የሁለት አገር የማዕረግ ሥርዓት ተገናኘ ማለት ነው።

ማዕረግና ሥልጣን ግን አንድ እንዳልሆኑ ልብ ማለት ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን የሰጡት ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበር። እኒህ ሰው በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ፊታውራሪ እንደ ተባሉ ኖሩ፤ ነገር ግን ስንት ራስና ደጃዝማች ቃላቸውን ይሰማ ነበር።

በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በሲዊድን መኮንኖች ማስተማር ሲጀምር ማዕረግ ከትውልድና ከሹመት ይልቅ ከትምህርት ጋር ተያያዘ። የቀድሞዎቹ መሳፍንታዊ ማዕረጎች በ1967 ዓ.ም. ተሻሩ። ዛሬ በሠራዊቱ አሥር አለቃ፥ ሃምሳ አለቃ፥ መቶ አለቃ፥ ሻምበል፥ ሻለቃ እያለ እስከ ኮሎኔልና ጄኔራል ይወጣል። ሻለቃ «የሺህ አለቃ» ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ዛሬ ስሙ የራስ ቁጥር አይቈጥርም፤ ሻምበልና ሻለቃ የሰውም የጦር ክፍልም ስም ናቸው።

ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋምና ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን መኮንኖቹ እንደ ወታደር ሻምበልና ኮሎኔል ይባሉ ነበር። አሁን ግን መሰላሉ የራሱ ነው፤ ከኮንስታብል ተነሥቶ በሳጅን፥ በኢንስፔክተርና በኮማንደር በኩል እስከ ኮሚሽነር ይደርሳል።

ይህን ሁሉ መዘርዘራችን ለምንድን ነው? መሰላል የሚሠራው ለመውጫ ብቻ አይደለም፤ ለመውረጃም ነው። ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ተጠያቂነት ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ኮንስታብሉ የተቀበለውን ማመልከቻ ለሳጅኑ ካላደረሰ፥ ሳጅኑም ከጠረጴዛው ላይ ካሳደረው፥ ኢንስፔክተሩ «አልሰማሁም» ብሎ ሊያመልጥ አይገባውም፤ ማዕረጉ የተሰጠው እንዲሰማ ነውና።

አንተም ወጣቱ ሹም፥ ነገ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስትቀመጥ ያ የቆላ ገበሬ ከፊትህ ይቆማል። «ጌታዬ» ሲልህ ደስ አይበልህ። ስምህንና ኃላፊነትህን ንገረው፤ ጉዳዩ ያንተ ካልሆነም የማን እንደ ሆነ አሳየው። ከዚያ በኋላ ማዕረግህ በትከሻህ ላይ ባይታይም እርሱ ያውቀዋል።