ሆያ ሆዬ እንደ የጋራ የቃል ጨዋታ፦ ከደጅ ወደ በይነመረብ

በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው የቡሄ በዓል ልጆች በየደጁ እየዞሩ የሚጫወቱት ሆያ ሆዬ በይበልጥ የሚታወቀው በግጥሙ ነው። ይሁን እንጂ ሆያ ሆዬ በጋራ የሚፈጠር የቃል ጨዋታም ነው። አውራጁ ስንኝ ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ መሬቱን በዱላ እየመቱ «ሆ» ይላሉ። ይህች አጭር ምላሽ ሁለት ተግባር አላት፦ ምቱን ትጠብቃለች፤ ለአውራጁም ቀጣዩን ስንኝ የሚያሰናዳበት ፋታ ትሰጠዋለች። በዚያች ፋታ አውራጁ የቤቱን ባለቤት ያስተውላል፤ እንደ ሁኔታው የተለመደ ስንኝ ይመርጣል ወይም አዲስ ያክላል። ሙልሙሉ ወይም ገንዘቡ ሲሰጥ ሙገሳው ወደ ምርቃት ይዞራል።

ጨዋታው በበይነመረብ በጽሑፍ ቅብብል ሲካሄድ ግን ይህ የጊዜ ሥርዓት ይላላል። ተጫዋቹ አስቦ፣ ሰርዞና አርሞ ለመላክ የፈለገውን ያህል ጊዜ ስላለው የተቀባዮቹ ምላሽ ጌጥ ብቻ ይሆናል፤ ሙገሳው የሚቀርብለት ባለቤትም ከፊቱ የለም። በመሆኑም ስንኞችን ሰብስቦ በዲጂታል መልክ ማስቀመጥ ግጥሙን እንጂ ጨዋታውን አያቆይም። እንዲህ ያለ መድረክ የሚነድፉ ባለሙያዎች ከስንኞቹ በተጨማሪ የተገደበ የተራ ጊዜን፣ የቡድኑን የጋራ ምላሽና ሙገሳውን ሰምቶ የሚመልስ ባለቤትን ማካተት ይኖርባቸዋል።