ካቴናን አውጥቶ ቺንጋ ማስገባት፦ ለየትኛው አሮጌ ሞተር ሳይክል?

አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚንከባከብ ሰው ከካቴና ጋር ዘወትር ሙግት ላይ ነው። ካልቀቡት ይበላል፤ ከቀቡት አቧራ እየሰበሰበ ቸርኬውንም ሱሪንም ያጠቁራል፤ ስለሚረግብም በየጊዜው መወጠር አለበት። ጥርስ ያለው ቺንጋ ግን ቅባት አይሻም፣ አይንጫጫም፣ በአስፋልት ላይ ዕድሜውም ይረዝማል። ታዲያ ለምን ሁሉም አይቀይርም?

ቺንጋ ለሞተር ሳይክል እንግዳ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር በብዛት የተጠቀመበት ትራያምፍ ሞዴል ኤች የኋላ ጎማውን የሚያዞረው በቺንጋ ነበር። ያ ቺንጋ ጥርስ አልነበረውም፤ ዝናብ ሲነካው ይንሸራተታል፤ ካቴናም ቦታውን ወሰደበት። መልሶ ያመጣው ጥርስና እንደ ሽቦ የማይለጠጠው የአራሚድ ክር ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ስተርጅስ በተባለው ሞዴሉ ላይ ቺንጋ አስገባ፤ በኋላም መለያው አደረገው።

የቅየራው ጣጣ ከቺንጋው ይልቅ ከቦታው ነው። የአራሚድ ክር በጠባብ ክብ ላይ ሲታጠፍ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከካምቢዮ የሚወጣው የፊት ፑሌጃ ተለቅ ማለት አለበት። የፊቱ ሲተልቅ የኋላውም አብሮ ይተልቃል፤ አለዚያ ሞተሩ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። የሃርሊው የቀድሞ ባለ ቺንጋ ስፖርትስተር 883 ከፊት 27፣ ከኋላ 61 ጥርስ ነበረው። ከጥርስ ጥርስ 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የፊቱ ዲያሜትር ወደ 120፣ የኋላው ወደ 272 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የኖርተን ኮማንዶ ባለ 19 ጥርስ የፊት ማርሽ ግን 96 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽፋኑም በዙሪያው ያለው ሁሉ የተሠራው በዚያ ልክ ነው። ወርዱም አለ፦ 28 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሰፋ ቺንጋ ከጎማው ጎን ላይገባ ይችላል።

ካቴና አንድ አንጓ ተቀንሶለት ይያያዛል። ቺንጋ ድፍን ቀለበት ነው፤ ርዝመቱም ፋብሪካው በሚያወጣው ልክ ብቻ ነው። ለማስገባት በብዙ ሞተሮች የኋላ ጎማውን የሚይዘውን ክንድ ማውለቅ ግድ ይላል፤ መንገድ ላይ ቢበጠስ ምን እንደሚከተል አስቡት። ሌላም አለ፦ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲዘል በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። የረገበ ካቴና ይህን ይችለዋል፤ ቺንጋ ግን ለዚያ የሚሆን ትርፍ ርዝመት የለውም። የሞተር ሳይክል አምራቹ ቡዌል በኋለኞቹ ሞዴሎቹ ሦስተኛ ተሽከርካሪ ጨምሮ ውጥረቱን እኩል አድርጎታል። አማተሩ ግን አጥብቆ ይወጥርና የካምቢዮውን ኩሽኔታ ያስበላል። ፑሌጃዎቹ በትክክል ፊት ለፊት ካልተያዩም ቺንጋው ወደ ጎን እየሸሸ ጠርዙ ይበጣጠሳል፤ ቶርኖ ቤት የሚያስኬደው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ከሁሉም የሚቀለው ስፖርትስተር ነው። ባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ በ1991 ሲመጣ ውዶቹ ሞዴሎች በቺንጋ፣ ርካሹ 883 በካቴና ወጡ፤ በ1993 ሁሉም ወደ ቺንጋ ዞሩ። ስለዚህ የእነዚያን ሁለት ዓመታት ባለ ካቴና በፋብሪካው ዕቃ መቀየር ይቻላል። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ 4 ማርሽ ግን ለብቻው የተሠራ ፑሌጃ ይፈልጋል።

ጠጠርና ጭቃ ላይ የሚነዳ ሰው ባይሞክረው እመርጣለሁ። በቺንጋና በፑሌጃ መካከል የገባ አንዲት ጠጠር ክሩን ልትቆርጥ ትችላለች። ቢኤምደብልዩ ለአስፋልቱ ኤፍ 800 ኤስ ቺንጋ፣ ለገጠር መንገዱ ኤፍ 800 ጂኤስ ካቴና የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የቺንጋ ወዳጅ የሆነው ሃርሊ ራሱ በ2021 ያወጣውን ፓን አሜሪካ በካቴና ነው የሠራው።

እንግዲህ ፋብሪካው ራሱ በሁለቱም መንገድ የሠራው፣ አስፋልት ላይ የሚውል ሞተር ካላችሁ ቀይሩ። አሮጌ ኖርተን ወይም ትራያምፍ ያላችሁ ግን፣ ቦታ ከበቃው፣ በጎማ ቀለበት የታሸገ ጥሩ ካቴና ግዙና ቴላዮውን ከመቁረጥ ተገላገሉ።