ተጨማሪ መረጃ፦ በጎችን የሚያመክን ለምለም መስክ

የማገት ዘመድ የሆነው ክሎቨር በፕሮቲን የበለጸገ መኖ ነው። በ1940ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ ግን ሰብተራኒያን የተባለውን የክሎቨር ዝርያ፣ በተለይም ድዋልጋናፕ የተባለውን ዓይነቱን፣ የሚግጡ እንስት በጎች ሰብተው እያማረባቸው መውለድ አቆሙ። ከፊሎቹ ማህፀናቸው ይገለበጥ ነበር፤ የተኮላሹ ወንዶች እንኳ ጡታቸው አብጦ ወተት አወጡ። ቤኔትስ፣ አንደርውድና ሺየር የተባሉ ተመራማሪዎች ችግሩን በ1946 በጽሑፍ አቀረቡት።

ምክንያቱ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ፎርሞኖኔቲን ነው። ብቻውን ደካማ ቢሆንም በበጓ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ኢኩዎል ይለውጡታል። ኢኩዎል እንደ ኤስትሮጅን፣ ማለትም እንደ እንስት ሆርሞን፣ ይሠራል። በጓ ክሎቨሩን ለዓመታት ስትግጥ የማህፀን በሯ አሠራር ይለወጣል፤ ፈሳሹ ስለሚቀጥን የወንዴ ዘር ወደ ውስጥ ማለፍ ያቅተዋል። ይህ ጉዳት አይድንም፤ አሳዛኙም ነገር ይኸው ነው። ላሞች ኢኩዎል በደማቸው ቢገኝም እንደ በግ አይጎዱም።

የመኖ ጥራት በፕሮቲንና በኃይል መጠን ብቻ መለካት እንደሌለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ የክሎቨር አዳቃዮች ፎርሞኖኔቲኑ ከደረቅ ክብደቱ 0.2 በመቶ የማይበልጥ ዝርያ ይመርጣሉ። ሰብተራኒያን ክሎቨር መስክ ላይ ሲደርቅ እንደ ኤስትሮጅን የመሥራት ኃይሉ በአብዛኛው ይጠፋል፤ የቀይ ክሎቨር ድርቆሽና ገፈራ ግን ይዞት ሊቆይ ስለሚችል፣ ከአውራ ጋር ሊገናኙ ለተቃረቡ እንስት በጎች አትስጡ።