ከቋሚ ሥራ ጎን መስኮት ማጽዳት

ደመወዝ ወር አላደርስ ሲለን ተጨማሪ ሥራ እናስባለን። ባለ መስታወት ሱቅ በበዛበት በአዲስ አበባ መስኮት ማጽዳት በጥቂት ብር ይጀመራል፤ ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ ባለ ላስቲክ መጥረጊያ፣ ጨርቅና ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል።

ፀሐይ የመታው መስታወት ላይ ሳሙናው ቶሎ ይደርቅና መስመር ይተዋል። ስለዚህ ሥራ ከመግባታችን በፊት ያለው ማለዳ ይመረጣል። ላስቲኩን ከላይ ወደ ታች እየሳብን በየጊዜው በጨርቅ እናድርቀው። መሬት ላይ ቆመን በምንደርስባቸው መስኮቶች እንጀምር፤ ፎቅ ላይ መንጠልጠል ሥልጠናና የደኅንነት መሣሪያ ይጠይቃል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ሰዓቱ የማን ነው የሚለው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የተዋዋልንበት ሰዓት ግን አማና ነው። ከሥራ ሾልከን ያጸዳነው መስኮት ቢያብረቀርቅም ገቢው ንጹሕ አይሆንም። ውላችን ሌላ ሥራ ይከለክል እንደሆነም አስቀድመን እናንብብ። 2 ደንበኛ ይዞ በቀጠሮ መገኘት፣ 10 ይዞ ከማርፈድ ይሻላል።

አላህ ሐላል ሪዝቃችንን ይባርክልን።