ስለ ቀጠሮና ስለ ቀብድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንናገርበት ነገር ለሰሚው የገበያ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይመስልም። ይኸውም ልብስ ሰፊው፥ አናጢውና ባለሱቁ ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት ቀጠሮ ነው።

በነቀምቴ የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ ወደ ልብስ ሰፊዎች የሄደ ሰው የምነግራችሁን ያውቃል። አንዲት እናት ለልጅዋ ጨርቅ ገዝታ፥ ቀብድ ከፍላ፥ «ለዓርብ ይደርስልሻል» ተብላ ወደ ገጠር ትመለሳለች። ዓርብ ስግደት ነውና ወደ ሰፊው የምትመጣው ቅዳሜ ነው፤ «ማታ ነይ» ትባላለች። ማታ ስትመጣ ጨርቁ ገና መቀስ አልነካውም። ሰፊውም «ማርያምን፥ መብራት ጠፍቶብኝ ነው» ይላታል። ልጅዋ በአሮጌ ልብሱ ይፈስካል፤ እርስዋም የሁለት ቀን መንገድና የሥራ ጊዜ በከንቱ አልፎባታል፤ ይህንም የሚከፍላት የለም።

መብራት መጥፋቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሳምንት አሥር ልብስ ብቻ መስፋት የሚችል ሰው የሃያ ሰው ጨርቅ ከተቀበለ፥ ጥፋቱ የተፈጸመው በበዓሉ ዋዜማ አይደለም፤ ቀብዱን በተቀበለባት ሰዓት ነው። ይህን አጥብቃችሁ አስተውሉት። ብዙ ሰው ሐሰት የሚለው የሆነውን አልሆነም ማለትን ነው፤ ስለሚመጣው ቀን እያወቁ የማይሆነውን መናገርን ግን የንግድ ብልኀት አድርጎ ይቈጥረዋል። ምክንያቱም ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ እንዳይሄድበት መፍራቱ ነው። ይህ ፍርሃት ደግሞ እግዚአብሔር ለእኔም ለጎረቤቴም እንጀራ አለው ብሎ ካለማመን ይመጣል።

በዚህ ላይ የእመቤታችን ስም ይጨመርበታል። ጌታችን በተራራው ላይ ሲያስተምር መሐላን የከለከለው ቃላችን ያለ መሐላ እንዲታመን ነው (ማቴዎስ ምዕራፍ 5)። በአማርኛ ተማለም በኦሮምኛ፥ የሚጠራው አምላክ አንድ ነው። ሰሎሞንም በመጽሐፈ ምሳሌ በ3ኛው ምዕራፍ መስጠት እየቻሉ ባልንጀራን ለነገ ማመላለስን ከልክሎአል።

ወለጋ የቈየ የንግድ አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች ከጎጃም ከባሶ ገበያ ተነሥተው፥ ዓባይን ተሻግረው፥ አሞሌ ጨው ይዘው ወደ ቢሎና ወደ ሌቃ ይወርዱ ነበር፤ ሲመለሱም ወርቅ፥ ቡናና ዝባድ ይጭኑ ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ጻድቅ ነበር አልልም፤ በእነዚያ ገበያዎች ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበርና። ዛሬም በግምቢና በሌሎች የወለጋ ወረዳዎች የሚለቀመው ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ በነቀምቴ ስም ይሸጣል። አገራችንን ያላየ የባሕር ማዶ ገዢ ገንዘቡን የሚያወጣው ይህን ስም አምኖ ነው። በኬሻው መካከል እርጥብ ቡና የሚቀላቅል ሰው የሚያጐድለው የራሱን ቃል ብቻ አይደለም፤ በማሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ቡናውን የለቀመውን የገበሬውን ሁሉ ስም ነው።

ስለ ቀብድ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይናገራል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ጥቂት መቶ ብር ከሰፊ ጋር ፍርድ ቤት የምትቆም እናት የት ትገኛለች? ስለዚህ በእንዲህ ያለው ነገር ከሕሊና በቀር ዳኛ የለም።

«ዋጋ ቢለወጥብንስ?» የምትሉ ነጋዴዎች አላችሁ፤ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ አስቀድሞ ለቆርቆሮ ቀብድ የተቀበለ ባለሱቅ ምን ያድርግ? ኪሳራውን የሚችል ከሆነ ቃሉን ይፈጽም። ቤቱን የሚያፈርስ ከሆነ ደንበኛውን ጠርቶ የገዛበትን ደረሰኝ ያሳየው፥ ሁለቱም ይስማሙ። ዕቃውን በጓዳ ደብቆ «አልቋል» ማለት ግን ስርቆት ነው።

በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋና በቄለም ወለጋ ስልክ ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፥ ቃሉን መፈጸምም መዘግየቱን ማስታወቅም ያልቻለ ነጋዴ ነበረ። እንዲህ ያለውን ሰው እግዚአብሔር አይፈርድበትም፤ ደንበኞቹም ሊፈርዱበት አይገባም። ስልኩ እየሠራ የደንበኛውን ቍጥር ሲያይ የሚዘጋው ግን በዚህ ሊያመካኝ አይችልም።

እንግዲህ ቀኑ ያለፈበት የሰው ጨርቅ በመደርደሪያችሁ ላይ ያለባችሁ፥ ነገ ጠዋት አዲስ ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት ጨርቁን አውርዳችሁ ቍጠሩ። የምትደርሱበትን ለዩ፤ የማትደርሱበትን ከነቀብዱ ለባለቤቱ መልሱ። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቶ ነበር፤ ከእናንተ የሚፈለገው ያን ያህል እንኳ አይደለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።